የፈተና ውጤት በሕይወት ታሪክ ወረቀት ላይ ይጻፍን ወይስ ይቅር?

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር፤ ጀሞ

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዕለት፣ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም ጥቂት ቃል እናገራለሁ። እንዲህ ባለው በዓል ላይ የሚናገር ተማሪ ብዙውን ጊዜ ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ አገር ፍቅር ይናገራል። እነዚህ መልካም አርእስት ናቸው፤ ነገር ግን ከእኔ በፊት የተናገሩት አሳምረው ስለ ገለጿቸው፣ እኔ አነስ ያለ፣ ሆኖም በዚህ ዓመት በእያንዳንዳችን ደጅ የቆመ ጥያቄ ይዤ ቀርቤአለሁ። ጥያቄውም ይህ ነው፦ አንድ ወጣት ለንግድ ሥራ ትምህርትም ሆነ ለሥራ ቅጥር ሲያመለክት በሕይወት ታሪክ ወረቀቱ ላይ የፈተና ውጤቱን ይጻፍን ወይስ ይተው?

ነገሩ የወረቀት ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ሆኖም በውስጡ ሌላ ከፍ ያለ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም አንድን ሰው ማን ነው ብለን ስንጠይቅ መልሱ አንድ ቁጥር ሊሆን ይችላል ወይ የሚል ነው። ስለዚህ ጥቂት ደቂቃ በትዕግሥት እንድታደምጡኝ እለምናለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ወረቀቱ ልናገር። ከጀሞ አንድ እስከ ጀሞ ሦስት ባለው ሰፈራችን፣ በኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ሥር ካሉት ሱቆች መካከል የኮምፒውተር ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ የሚሠሩት አያሌ ናቸው። ከእነዚህም ብዙዎቹ በደጃቸው «ሲቪ እንሠራለን» የሚል ማስታወቂያ ለጥፈዋል። ሥራ ፈላጊው ገብቶ ከጸሐፊዋ አጠገብ ይቀመጣል፤ እርስዋም ቀድሞ የተዘጋጀውን ቅጽ ከፍታ ስሙን፣ የትውልድ ቦታውን፣ ዕድሜውን፣ የጋብቻ ሁኔታውን፣ ትምህርቱን፣ የሚችላቸውን ቋንቋዎች እየጠየቀች ትሞላለች። ባለፈው ክረምት ማስታወሻ ደብተር ፎቶ ኮፒ ላስነሣ ከእነዚህ ሱቆች ወደ አንዱ ሄጄ ሳለ ጸሐፊዋ አንዱን ወጣት ተመራቂ «የማትሪክ ውጤትህን ላስገባው ወይስ ልተወው?» ብላ ስትጠይቀው ሰማሁ። ወጣቱ «አስገቢው» አለ፤ ጥቂት ቆይቶ «ተዪው» አለ፤ ኋላም ዝም አለ። የመጨረሻ መልሱን ሳልሰማ ጉዳዬን ጨርሼ ወጣሁ። ነገር ግን ጥያቄው ከእኔ ጋር ወጣ፤ ብዙዎቻችን ነገ በዚያ ወንበር ላይ የምንቀመጥ ነንና።

አሁን ደግሞ ስለ ውጤቱ ጥቂት እናስታውስ። «ማትሪክ» የሚለው ስም ራሱ የመጣው የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ከሚቀበሉበት ማትሪኩሌሽን ከተባለው ፈተና ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተከፈቱት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪዎች በመጀመሪያ የሚፈተኑት የለንደን ዩኒቨርሲቲን ፈተና ነበር። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን ጀመረ፤ ውሎ አድሮም አገራችን የራስዋን የመልቀቂያ ፈተና አቋቋመች። አባቶቻችንና እናቶቻችን የሚያስታውሱት ማትሪክ በፊደል የሚሰጥ ነበር፤ የአምስት ትምህርቶች ውጤት ተደምሮ ከ4 ነጥብ ይታሰብ ነበር። በ1990ዎቹ ያ ፈተና ቀርቶ በ10ኛ ክፍል አንድ፣ በ12ኛ ክፍል ሌላ ብሔራዊ ፈተና መጣ፤ ኋላም የ10ኛ ክፍሉ ቀረ። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ውጤት ከ700 ይታሰብ የነበረበት ጊዜም ሩቅ አይደለም፤ ዛሬ እኛ የምንፈተነው ስድስት ትምህርት፣ የምንታረመውም ከ600 ነው።

ይህን የምዘረዝረው ታሪክ ለማስጠናት አይደለም። አባት «እኔ 3.2 አምጥቻለሁ» ሲሉ፣ ታላቅ ወንድም «እኔ 350 አምጥቻለሁ» ሲል፣ ታናሽ እኅት ደግሞ «እኔም 350» ስትል፣ ሦስቱ በሦስት ልዩ ልዩ ቁና እየሰፈሩ መሆናቸውን ለማሳየት ነው። 350 ከ700 ሲሆን ልክ ግማሽ ነው፤ ከ600 ሲሆን ግን ከመቶ 58 ይሆናል። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን ሁለት ነው።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ ልግባ። ሁለት ወገኖች አሉና የሁለቱንም ቃል ያለ አድልዎ ላቅርብ።

ውጤት ይጻፍ የሚሉት ወገኖች የሚያቀርቡት ምክንያት ቀላል አይደለም። አንደኛ፣ ፈተናው አንድ መሆኑ ትልቅ ፍትሕ ነው ይላሉ። በጀሞ የተማረውም፣ በመተማ የተማረውም፣ በጅንካ የተማረችውም በአንድ ወረቀት ይፈተናሉ። ዘመድ የሌለው፣ ስሙ ካልታወቀ ትምህርት ቤት የመጣ ልጅ በከተማው ትልቅ መሥሪያ ቤት ፊት ቆሞ «እኔም እችላለሁ» ሊል የሚችለው በዚያ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ብንከለክለው በምን ይናገራል? የቀረው መንገድ አማላጅ መፈለግ ይሆንበታል።

በውጭው ዓለምም ነገሩ የተጀመረው በዚህ ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ዘጠኝ የአሜሪካ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤቶች ተሰብስበው፣ ከልዩ ልዩ ቦታ የሚመጡትን አመልካቾች በአንድ ሚዛን ለመመዘን መከሩ። በሚቀጥለው ዓመት የተሰጠው ፈተና ዛሬ ጂማት በመባል የሚታወቀው ነው። ከአገራችን ተነሥተው በውጭ አገር የንግድ ሥራ አስተዳደር ለመማር የሚያመለክቱ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም ብዙ ጊዜ ከዚህ ፈተና ጋር ይገናኛሉ።

ሁለተኛ፣ ቀጣሪዎች ራሳቸው ቁጥር ይፈልጋሉ ይላሉ። በአገራችን በሚወጡት የሥራ ማስታወቂያዎች ላይ «ዜሮ ዓመት የሥራ ልምድ፣ የመመረቂያ ነጥብ ይህን ያህልና ከዚያ በላይ» የሚል አንቀጽ ማንበብ የተለመደ ነው። በውጭ አገርም አንዳንድ የማማከር ሥራ ድርጅቶች አመልካቹን የፈተና ውጤቱን ይጠይቁታል። ቀጣሪው በጠረጴዛው ላይ ሺህ ማመልከቻ ተከምሮለት፣ ቁጥር ያልጻፈውን ሰው ፈልጎ አይጠይቅም። ሦስተኛም፣ በላብ የተገኘ ነገር ለምን ይደበቃል ብለው ይጠይቃሉ። ይህም እውነት ነው፤ ሌሊት ተቀምጦ ያነበበ ሰው የድካሙን ፍሬ ቢናገር ነውር የለበትም።

አይጻፍ የሚሉት ደግሞ እንዲህ ብለው ይመልሳሉ። የፈተና ውጤት የራሱ ቦታ አለው። ለአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የሚያመለክት ተማሪ ውጤቱ በመለያ ቁጥሩ ይታወቃል። ለውጭ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የሚያመለክትም በማመልከቻው ቅጽ ላይ ውጤቱን የሚሞላበት የተለየ ቦታ አለው፤ ዋናውን ውጤት ደግሞ ፈታኙ ድርጅት ራሱ ይልከዋል። በቅጹ ላይ የተሞላውን በሕይወት ታሪክ ወረቀት ላይ መድገም፣ ያውም ወረቀቱ አንድ ገጽ ብቻ ሲሆን፣ ስለ ሥራና ስለ ባሕርይ ሊነገርበት የሚገባውን ቦታ በከንቱ መያዝ ነው። አባቶቻችን «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ያሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ደግሞም ቁጥር ያረጃል ይላሉ። የጂማት ውጤት የሚያገለግለው ለ5 ዓመት ብቻ ነው። ሚዛኑም ይለወጣል፤ ቀድሞ ከ200 እስከ 800 የነበረው እ.ኤ.አ. በ2023 ማለቂያ ከ205 እስከ 805 ሆነ፤ በድሮው ሚዛን 700 ያመጣ ሰው በአዲሱ ከ645 ገደማ ጋር ይስተካከላል። ይህን የማያውቅ አንባቢ ጎበዙን ሰነፍ፣ ሰነፉን ጎበዝ አድርጎ ሊያይ ይችላል። ዝነኛው የሃርቫርድ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት እንኳ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ወደ አሥር ዓመት ያህል ይህን ፈተና ሳይጠይቅ ተማሪ ሲቀበል ቆይቶ፣ በ1990ዎቹ መልሶ ጠይቋል። በዚያ ዘመን ትምህርት ቤቱ አልተዘጋም፤ ስሙም አልወደቀም።

ከሁሉ የሚከብደው ምክንያታቸው ግን የእኛው የአገራችን ጉዳይ ነው። ፈተናው እንዳይሰረቅ ሲባል ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ገብተው በተፈተኑበት በመጀመሪያው ጊዜ፣ ማለትም በ2014 ዓ.ም. ትምህርት ዘመን ፈተና፣ ከ900 ሺህ ገደማ ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከ845 ሺህ ገደማ 27,267 አለፉ፤ ከመቶ 3.2 ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 8.4 ሆነ። ቁጥሩ እያደገ መሄዱ ደስ ያሰኛል፤ ሆኖም በዚያ በተሻለው ዓመት እንኳ ከመቶ ተማሪ 92 ያህሉ ከግማሽ በታች አምጥተዋል። በ2015 ዓ.ም. ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በትግራይ ያሉት ጓደኞቻችን ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ለዓመታት ሳይፈተኑ ቆይተው ለፈተና የተቀመጡት በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። አንድም ተማሪ ባላለፈበት ትምህርት ቤት፣ መጽሐፍ ለሦስት ተካፍላ፣ ያለ ቤተ ሙከራ ፊዚክስ ተምራ ከመቶ 45 ያመጣች ልጅና፣ በከተማ አስጠኚ ተቀጥሮለት ከመቶ 52 ያመጣ ልጅ በወረቀት ላይ ሲተያዩ፣ እርስዋ ወዳቂ እርሱ አላፊ ነው። ቁጥሩ አልዋሸም፤ ነገር ግን ሁሉን አልተናገረም።

ጓደኞቼ ሆይ፤ የሁለቱን ወገኖች ቃል ሰምታችኋል። እኔ በበኩሌ የደረስኩበትን ሐሳብ ልንገራችሁ። የፈተና ውጤት ምስክር ነው። ምስክር ደግሞ ሲጠራ ይመጣል፤ ያየውን ይናገራል፤ ተናግሮም ይቀመጣል። በዳኛው ወንበር ላይ አይቀመጥም። ከዚህ ሐሳብ አራት ሥርዐቶች ይወጣሉ ብዬ አምናለሁ።

አንደኛው ሥርዐት፦ ከተጠየቅህ ሳትጨምርና ሳትቀንስ ጻፍ። ማስታወቂያው ወይም ቅጹ ውጤት የሚጠይቅ ከሆነ ቦታውን ባዶ መተው ብልኀት አይደለም። የሥራ ማስታወቂያዎቻችን «የትምህርት ማስረጃችሁን ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒውን ይዛችሁ ቅረቡ» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። የሐሰት ማስረጃ ይዘው ለዓመታት ሲሠሩ ቆይተው ስለ ተገኙ ሠራተኞች በአገራችን በተደጋጋሚ ሰምተናል። እነዚያ ሰዎች ሥራውን ምናልባት ለመሥራት ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን አንዲት የሐሰት መሥመር የሠሩትን እውነተኛ ሥራ ሁሉ በላችባቸው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ሁለተኛው ሥርዐት፦ ካልተጠየቅህ፣ ወይም ቁጥሩ በሌላ ቅጽ ላይ የተሞላ ከሆነ አትድገመው። ይልቁንም ከፍተኛ ውጤት ያመጣችሁ ጓደኞቼ ይህን አስተውሉ። ከስም ቀጥሎ በትልቁ የተጻፈ ቁጥር አንባቢውን «ይህ ልጅ ከዚህ ሌላ የሚናገረው የለውም ማለት ነው?» ያሰኘዋል። መልካም ውጤት በቅጹ ላይ ሆኖ ሥራውን ይሠራል፤ በወረቀቱ ላይ ደግሞ ቁጥር የማይናገረውን ተናገሩ።

ሦስተኛው ሥርዐት፦ ባይጠየቅም ሊጻፍ የሚገባበት ጊዜ አለ። አዲስ ተመራቂ ሆኖ የሥራ ልምድ የሌለው ሰው፣ ወይም በሌላ ሙያ ተምሮ ሒሳብ ወደሚበዛበት ሙያ ለመዛወር የሚፈልግ ሰው፣ ችሎታውን የሚያስረዳለት ሌላ ነገር ላይኖረው ይችላል። ለምሳሌ ያህል ታሪክ ተምራ በባንክ ለመሥራት የምታመለክት ልጅ በብሔራዊ ፈተና በሒሳብ ከመቶ 88 አምጥታ እንደ ሆነ ብትጽፈው ቀጣሪውን ትረዳዋለች። ነገር ግን ከትምህርት በታች በአንድ መሥመር ይሁን፤ ሙሉም ይሁን። ሙሉ ማለቴ የፈተናው ስም፣ ዓመተ ምሕረቱና ከስንት እንደ ታሰበ ማለቴ ነው። «410» ብሎ መጻፍ ምንም አይናገርም፤ «የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና፣ 2017 ዓ.ም.፣ ከ600 410» ብሎ መጻፍ ግን ይናገራል። እህል የሚሸጥ ሰው ዋጋውን ከመናገሩ በፊት ቁናውን ማሳየት አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ጓደኛዬ ያነሣብኝን ጥያቄ ልመልስ። «ጠቅላላው ዝቅተኛ ሆኖ አንድ ትምህርት ብቻ ከፍ ቢል፣ ያንን ብቻ መጻፍ ማታለል አይደለምን?» ብሎኛል። መልሴ ይህ ነው፦ «ሒሳብ፣ ከመቶ 88» ብሎ መጻፍ ማታለል አይደለም፤ ማንም ሰው በወረቀቱ ላይ የሚጽፈው የሚችለውን ነውና። ጠቅላላው ከተጠየቀ ግን ጠቅላላውን መናገር ግድ ነው። የትምህርቱን ስም ትቶ «ከመቶ 88» ብሎ ብቻ መጻፍ ደግሞ ግልጽ ማታለል ነው፤ አንባቢው የስድስቱ ትምህርቶች ድምር ይመስለዋልና። ዝም ማለትና መዋሸት ልዩ ልዩ ናቸው፤ ሰው እንዲሳሳት አስቦ ዝም ማለት ግን ከውሸት ጎን ይቆማል።

አራተኛው ሥርዐት፦ ሥራ ሲመጣ ቁጥሩን አሰናብተው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና፣ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚፈለገው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ እነዚህ ሁሉ በሮች ናቸው። በር ካለፉ በኋላ በሩን ተሸክሞ የሚሄድ ሰው የለም። አምስት ዓመት የሠራ ሰው በወረቀቱ ላይ የሠራውን ይጻፍ፤ በ18 ዓመቱ ያመጣውን ቁጥር ይተው።

አሁን ቃሌን ከሁሉ ይልቅ ወደ እነዚያ ወደ 92ቱ ላዙር። ከእናንተም ከእኔም መካከል ማን በዚያ ቁጥር ውስጥ እንደሚገባ ዛሬ አይታወቅም። ወረቀቱ ያለ ውጤት ባዶ የሚሆንበት ተማሪ ካለ፣ ባዶ ያደረገው ውጤቱ ሳይሆን ሌላ ነገር አለመጻፉ ነው። ከመካከላችን ከትምህርት በኋላ የእናቱን ሱቅ ሒሳብ የሚይዝ አለ፤ የወሩን ወጪና ገቢ በደብተር የሚጽፍ፣ ዱቤ የወሰደውንና የከፈለውን የሚለይ። ይህ የንግድ ሥራ ትምህርት መጀመሪያ አይደለምን? በሕንፃዋ ላሉ ሕፃናት በክረምት ማንበብ የምታስተምር አለች። ስንት ልጆች ነበሩ? ስንት ሳምንት ተማሩ? ስንቱ ማንበብ ቻሉ? ይህን ስትጽፍ እርስዋም ቁጥር ጻፈች፤ ነገር ግን ይህ ቁጥር የሌሎች ሰዎች ሕይወት የተለወጠበት ቁጥር ነው። የሠፈሩን ዕድር መዝገብ ለአባቱ የሚገለብጥ፣ በትምህርት ቤታችን የስፖርት ቡድን ገንዘብ ያዥ የሆነ፣ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን፣ እነዚህ ሁሉ የሚጻፍ ሥራ አላቸው። የሚያሳዝነው ብዙዎቻችን ይህን እንደ ሥራ አለመቁጠራችን ነው።

ግማሽ ያላመጡ ተማሪዎች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የማካካሻ ትምህርት ተምረው ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል፤ ሌሎችም ወደ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሄደው ሙያ ይዘዋል። መንገዱ ይጠብባል እንጂ አይዘጋም። ይህን የምለው ለማጽናናት ያህል ብቻ አይደለም። በውጤቱ ምክንያት ራሱን ከሰው የደበቀ ልጅ ማመልከቻም አያስገባም፤ ማመልከቻ ያላስገባን ሰው ደግሞ የትኛውም መሥሪያ ቤት ሊቀበለው አይችልም።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ በትሕትና አንድ ነገር ልለምናችሁ። ውጤት በወጣ ዕለት በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ የሚወጣና የሚወርድ ጎረቤት ሁሉ «ስንት አመጣህ?» ይለናል። ጥያቄው ከፍቅር የመጣ መሆኑን እናውቃለን። የከፈላችሁልንንም የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ከራሳችሁ ቀንሳችሁ የገዛችሁልንንም መጽሐፍ አንረሳም። ስለዚህ ጠይቁን፤ መልስ ይገባችኋል። ነገር ግን ከዚያ ቀጥላችሁ «አሁን ምን ለመሥራት አሰብህ?» ብላችሁ ጠይቁን። የመጀመሪያው ጥያቄ ያለፈውን ይዘጋል፤ ሁለተኛው የሚመጣውን ይከፍታል።

የተከበራችሁ መምህራን፤ ለእናንተም ልመና አለኝ። ቁጥሩ የማይናገረውን ሊናገሩ የሚችሉት የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልን መምህራን ናቸው። «ታታሪና ጨዋ ተማሪ ነው» የሚለው ቃል መልካም ነው፤ ለሁሉ አንድ ዓይነት ሲጻፍ ግን ቀጣሪው አያምነውም። «ሦስት ጊዜ ወድቆ በአራተኛው የሠራው የኬሚስትሪ ሙከራ» ብላችሁ ብትጽፉልን፣ ያ አንድ መሥመር ብዙ ነጥብ ያህል ይመዝናል።

በመጨረሻ ይህን በዓል ምክንያት በማድረግ ስለሚታተመው መጽሔታችን አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በየትምህርት ቤቱ አጥር ላይ የተሰቀሉትን ትልልቅ ጨርቆች ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ ከፍተኛ ውጤት ያመጡ የጥቂት ተማሪዎች ፎቶግራፍና ቁጥር ይታይባቸዋል። ያ ጨርቅ የትምህርት ቤት ሲቪ ነው። እንግዲያስ የተናገርኩት ሥርዐት ለሰው ብቻ ሳይሆን ለትምህርት ቤትም ይሥራ። ወላጅ ልጁን ከማስገባቱ በፊት ውጤትን ይጠይቃል፤ መብቱም ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤታችን በመጽሔቱ ላይ በየዓመቱ ስንት ተማሪ እንደ ተፈተነና ስንቱ እንዳለፈ ሙሉውን ይጻፍ። የአምስት ተማሪ ፎቶግራፍ የመቶውን ተማሪ ታሪክ አይናገርምና።

ከተመራቂዎች ስም ጎን ውጤታቸው ይታተም የሚለውን ሐሳብ ግን አዘጋጆቹ እንዲተዉት እለምናለሁ። መጽሔት ለብዙ ዘመን በሣጥን ይቀመጣል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ አንድ ልጅ የእናቱን ስም በዚህ መጽሔት ላይ ሲያገኝ ከአጠገቡ የሚያነበው «ከ600 281» የሚል ይሁን ወይስ «የትምህርት ቤቱን የአትክልት ቦታ ያለማች» የሚል? እኔ ሁለተኛውን መርጫለሁ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ያ ተማሪ በዚህ ግቢ ውስጥ የሠራው አንድ ነገር በአንድ መሥመር ይጻፍለት። ምንም አልሠራም የሚባል ተማሪ ከተገኘ ዓመቱ ገና አላለቀም፤ እስከ መጽሔቱ መታተሚያ ቀን አንድ ነገር ይሥራ።

እኔ ራሴ ፈተናውን ገና አልተፈተንኩም። ከጥቂት ወራት በኋላ ከእናንተ ጋር እቀመጣለሁ። የተናገርኩትንም የተናገርኩት ውጤቴን ሳላውቅ ስለ ሆነ፣ አሸናፊ ሆኖ እንደሚመጻደቅ ወይም ተሸናፊ ሆኖ እንደሚያማርር አትቁጠሩኝ። እስከዚያው ድረስ የሚጠበቅብን አንድ ነው፤ ይኸውም በብርቱ ማንበብ፣ በንጹሕ እጅ መፈተን፣ ከዚያም የመጣውን ቁጥር ሲጠየቁ በግልጽ ተናግሮ፣ ሳይጠየቁ ደግሞ በሥራ መታየት ነው።

ረዥም ዕድሜ ለትምህርት ቤታችን! መልካም ፈተና ለሁላችን!